ቀንበጡን ለእነሱ፣ ሙቀጫውን ለእኔ

አቦ፣ የዘንድሮ ልጅ መቃሙን እንጂ በርጫውን አላወቀበትም! በእኛ ጊዜ ከምሳ በኋላ ፍራሽ ተዘርግቶ፣ ውሃው ቀርቦ፣ ወሬው ስለ ባቡሩና ስለ ኮንትሮባንዱ ነበር። የልጅ ልጄና ጓደኞቹ ግን ስልካቸው ላይ አቀርቅረው «ዕፅን ሕጋዊ ማድረግ የግራ ፖለቲካ ነው የቀኝ?» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ኮሎራዶ በ2012 ካናቢስን በሕዝብ ድምፅ መፍቀዷን ጠቅሶ የግራዎች ነው ይላል። ሌላው መንግሥት ከሰው ጓዳ እጁን ያውጣ የሚሉ ቀኞችም አሉ ብሎ ይሟገታል። ይህ ሁሉ ጉንጭ በጫት ተወጥሮ ነው እንግዲህ!

የያዛችሁትን ቅጠል እነማን እንደከለከሉት ልንገራችሁ ስል «አባባ፣ ቆይ» ይሉኛል። ከዚህ በላይ ስንት ልቆይ?

ከእኛው ከድሬ በአይሮፕላን ይሄድ የነበረውን ጫት በ1957 ዓደን ላይ የከለከለው እንግሊዝ ነው (በፈረንጅ የምቆጥረው ልጆቹ ሌላ ስለማያውቁ ነው)። በዓመቱ መልሶ ፈቀደ። እሱ ሲወጣ ሶሻሊስቶቹ መጡና በሥራ ቀን አይቃምም አሉ። የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ሶሻሊዝም እየሰበከ በ1983 ከለከለ። በ2006 ሞቃዲሾን የያዙት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ከለከሉ። በ2014 ደግሞ የወግ አጥባቂዎቹ ቴሬሳ ሜይ፣ የመንግሥታቸው አማካሪ ባለሙያዎች ይቅር እያሏቸው፣ ለንደን ላይ ከለከሉ። እነዚህን ሁሉ አንድ ፍራሽ ላይ ብታስቀምጣቸው ሳይመሽ ይጋደላሉ፤ ጫት ላይ ግን ሰምና ወርቅ ናቸው።

እኛ ጋ ጃንሆይ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ሄደ፤ የአወዳይ የጫት መኪና አልቆመም። የሻሸመኔዋ ዕፅ ወኅኒ ታስገባለች፣ ይቺኛዋ ዶላር ታስገባለች። ጫት ጥሩ ነው አልወጣኝም፤ ስንቱን ጎበዝ ሥራ አስፈትቶ፣ ሌሊት በዱካክ ሲያስጮኸው አይቻለሁ። ግን ልጆቹ ግራና ቀኙን ከመፈለጋቸው በፊት ቀረጡን ማን እንደሚቀበል ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ለስላሳውን ቀንበጥ እነሱ ይለቅሙና ጥርስ ለሌለኝ ለእኔ ገረጭራጫውን ይገፉልኛል። ምን ላድርግ፣ በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ትናንት የልጅ ልጄ ተቆጣ፦ ውቀጣዬ ክርክሩን አላሰማ አላቸው አሉ!