ከመልሱ በፊት አይገባም

ከዚራ ያደገ የድሬዳዋ ልጅ የፉርጎ ማገጣጠምን ድምፅ ሳያየው ያውቀዋል። ሌሊት ጣቢያው ውስጥ አንዱ ፉርጎ ሌላውን ሲገጨው ጩኸቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተቀባበለ ይሄድና ከተማው ጸጥ ይል ነበር። ያ ሀዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ 15 ዓመት ፈጅቶበታል። ድምፁን የሚያወጡት ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ግን በልጅነቴ ጠይቄ አላውቅም። የተረዳሁት ቨርጂኒያ መጥቼ፣ በአንድ የጭነት ባቡር ግቢ ፉርጎ አገጣጣሚ ሆኜ ስቀጠር ነው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከየአቅጣጫው የመጡ ፉርጎዎች፣ እህሉም ኬሚካል የጫነው ቦቴም ጣውላውም፣ ተደባልቀው ይገባሉ፤ እኛ በየመድረሻቸው ለያይተን እንደገና እንቀጥላቸዋለን። ሎኮሞቲቩ ይስባል፣ ይገፋል፤ መሬት ላይ ያለነው ደግሞ የሀዲድ መቀየሪያ እናዞራለን፣ መቆላለፊያ እንከፍታለን፣ የእጅ ፍሬን እናጠብቃለን። ከባዱ ነገር ፍሬኑ ላይ ነው። ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጣው የአየር ፍሬን የሚይዘው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ባቡር ቢበጠስ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ግቢ ውስጥ ሲለያዩ ግን በነፃነት እንዲንከባለሉ አየራቸውን አስቀድመን እናስተነፍሳለን። ስለዚህ እዚያ የተበጠሰ ፉርጎ የሚይዘው የለም። ቁልቁለቱ ወደወሰደው ይሄዳል።

በጥር ወር አንድ ሌሊት ነበር፤ ጠጠሩ ላይ በረዶ ጋግሯል። አብሮኝ የነበረው ጡረታው የተቃረበ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። የቆሙ ፉርጎዎች ላይ ሎኮሞቲቩ የያዛቸውን ልንቀጥል ስንል፣ የአንደኛው መቆላለፊያ ክንድ ወደ ጎን ተንጋዶ አልገጥም አለ። እንዲህ ሲሆን ሰው መካከል ገብቶ ክንዱን በእጁ ያቃናዋል። ጋሼ ነጂውን ወደፊት እንዲያርቅ አዘዘው፤ 15 ሜትር ያህል ክፍተት ተፈጠረና ሁሉም ቆመ። ቀጥሎ በሬዲዮ ጥበቃ ጠየቀ።

ጥበቃ ማለት ነጂው ሦስት ነገር ያደርጋል፦ የሎኮሞቲቩን ፍሬን ይይዛል፣ የአቅጣጫ ማርሹን መካከል ላይ ያቆማል፣ ኃይል ወደ ጎማ የሚልከውን ማብሪያ ያጠፋል። ሦስቱን ጨርሶ በሬዲዮ ይመልሳል። መልሱ ሳይሰማ አንድ እግር እንኳ ሀዲዱ ውስጥ አይገባም። የዚያ ሌሊት ነጂያችን በዝግታው የሚታወቅ ሰው ነው። ሌሎች እጃቸው ገና ማብሪያው ላይ ሳለ «ጥበቃ ተሰጥቷል» ይላሉ፤ እሱ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። በዚህም የፈረቃ ኃላፊዎቹ ሲያማርሩበት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

እኔ ከእነሱ ራቅ ብዬ መቀየሪያው አጠገብ ቆሜ ነበር። ፉርጎዎቹ ሲቆሙ ከተለመደው መንቋቋት ተለይቶ አጭር፣ ደረቅ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል በሁለት ፉርጎዎች መካከል የማዶው መብራት ይታያል። መታየት አልነበረበትም። ግቢው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ዳርና ዳሩ ከፍ ይላል፤ ሎኮሞቲቩ ዳገቱ ላይ ቀርቶ የተቆረጡት ወደ ጋሼ እየወረዱ ነው። ሙሉ ጭነት ያለው የእህል ፉርጎ ወደ 130 ቶን ይመዝናል፤ ሲንከባለል ግን ድምፁ ከሰው እርምጃ ያንሳል። በሬዲዮ «ተቆርጧል፣ ራቅ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ አንድ እጁን የፉርጎው መሰላል ላይ አሳርፎ፣ ከሀዲዱ ውጪ መልስ እየጠበቀ ነበር። ወደኋላ ሲል ፉርጎዎቹ መጥተው ሊቆምበት የነበረውን ቦታ ዘጉት። የቆሙት ተገፍተው ጎማቸው ሀዲዱ ላይ ተንሸራተተ፤ ማታ ራሱ ጋሼ ያጠበቃቸው የእጅ ፍሬኖች ግን ያዟቸው።

ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ጥበቃው ሎኮሞቲቩን እንጂ የተቆረጡትን ፉርጎዎች ሊያቆም አይችልም ነበር። ነጂው ፈጥኖ መልሶ ቢሆን ጋሼ መካከል ላይ ነበር። እጁን ያተረፈው፣ ነፍሱንም፣ ሥራውን በትክክል ለመጨረስ የወሰደው ያ የነጂው ዝግታ ነው። ስለ ፍጥነት በየስብሰባው ሲነገረን ትዝ የሚለኝ እሱ ነው፤ ከእሱ የተሻለ ነጂ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ነው። የተሰበረው ናክል የሚባለው፣ የመቆላለፊያው የሚከፈትና የሚዘጋ ጣት ነው። ሁለት ሰዎች የእጅ ጣቶቻቸውን አጥፈው ሲጠላለፉ እንደሚያያዙት፣ ሁለት ናክሎችም እንዲሁ ይያያዛሉ። አንዱ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ መለዋወጫው ያለው ሎኮሞቲቩ ላይ ነው፤ ስለዚህ በሚያንሸራትት ጠጠር ላይ ተሸክመነው ወረድን።

ይህን መቆላለፊያ የፈጠረው ኢላይ ጃኒ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እዚያው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ሞዴሉን ከእንጨት በሰንጢ ቀረጸ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ያገሬ ሰው በብዛት በሚኖርበት በዚያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተ ትልቅ የፉርጎ መደርደሪያ ግቢ ነበር፤ ዛሬ ቦታው ላይ የገበያ ማዕከልና እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ የጀመረ የሜትሮ ጣቢያ አለ። ከጃኒ በፊት ፉርጎ የሚያያዘው በቀለበትና በካስማ ነበር። ሠራተኛው ፉርጎው እየመጣ ቀለበቱን በእጁ ይዞ ያስገባል፤ ጣቱን ያጣው ብዙ ነው። ሎሬንዞ ኮፊን የሚባል የአዮዋ ገበሬ የአንድ ፍሬን ያዥ ጣቶች ዓይኑ እያየ ሲቆረጡ ተመልክቶ ዓመታት ሙሉ ሲወተውት ኖረ። አሜሪካ አውቶማቲክ መቆላለፊያን በሕግ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ ፈጠራው ከወጣ 20 ዓመት በኋላ። ባለኩባንያዎቹ ወጪውን ሲያሰሉ ስንት እጅ እንደተቆረጠ ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ።

የእጅ ፍሬን ነገርም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ካናዳ፣ ላክ ሜጋንቲክ ከተማ አቅራቢያ 72 ቦቴ ነዳጅ የያዘ ባቡር በሰባት የእጅ ፍሬንና በሎኮሞቲቩ የአየር ፍሬን ብቻ ዳገት ላይ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሎኮሞቲቩን ፍሬን ይዞ የነበረው አየር ቀስ በቀስ ወጣ፤ ሰባቱ አልበቁም፤ ባቡሩ ከተማው ውስጥ ገብቶ 47 ሰው ሞተ። ጋሼ ፍሬን ካጠበቀ በኋላ መያዙን ሎኮሞቲቩን አስገፍቶ ካላየ የማይሄደው ለዚህ ነው።

ወደ ናክሉ ልመለስ። ስብራቱን በባትሪ አየሁት፦ አንደኛው ጎኑ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት፤ ሌላው ጎን ግን ዝገት የበላው፣ ጠቁሮ የኖረ። ስንጥቁ የቆየ ነው ማለት ነው። ያ ፉርጎ በመርማሪ እጅ አልፎ ነው የመጣው፤ ግን በእኛ ግቢ መርማሪዎች ለአንድ ፉርጎ የሚሰጣቸው ጊዜ እያጠረ መሄዱን ሁላችንም እናያለን። በሪፖርቱ ላይ «የብረት ድካም» ተብሎ ተጻፈ። እኔ በቃሌ ላይ የዝገቱን መጠንና የፍተሻውን ጊዜ ጨምሬ አስመዘገብኩ፤ ጋሼም ከሥሩ ፈረመ። መልስ አልተሰጠንም። ከዚያ ወዲህ ፈረቃ ስገባ ከመቀጠሌ በፊት ናክሎቹን በባትሪ አያለሁ፤ በቅርቡ አንዱ ሥሩ ላይ ተሰንጥቆ ስላገኘሁት ፉርጎውን በቀይ ወረቀት ለጥገና አስወጣሁት። ባቡሩ ዘግይቶ ወጣ፤ ለምን እንደዘገየ ሲጠይቁኝ ስንጥቁን ወስጄ አሳየኋቸው።