ባትሪን በቆመበት ለመግደል

ባትሪውን ለመግደል የቆረጠ ባለመኪና ብዙ ድካም የለበትም። የቡሬን በቆሎና በርበሬ ሲያመላልስ የከረመውን አይሱዙ ክረምት ሲገባ ወይም መንገድ ሲዘጋ ግቢ ያስገባው፣ ቁልፉን ኪሱ ይክተትና ይርሳው። የኔጌቲቩን ገመድ መፍታት አንድ 10 ቁጥር ቁልፍና የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እሱ ግን አይንካው። አላርሙ፣ ጂፒኤሱና የሬዲዮው ሰዓት ቀን ከሌት እየጠቡ የቀረውን ይጨርሱለታል።

ጎረቤት ቢመክረው «አዲስ ባትሪ እኮ ነው!» ይበል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ፣ አዲስም ቢሆን፣ ገመዱ ተፈትቶ እንኳ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ኃይሉን ያጣል። ቆላ ወርዶ ከቆመ ደግሞ ሙቀቱ ያፋጥነዋል።

ከሁሉም የሚወደደው ዘዴ የእሑዱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞተሩን ያስነሳል፣ መዝሙር ይከፍታል፣ መብራቱን ያበራል፣ ሻይ እስኪደርስ ያቆየውና ያጠፋዋል። ባትሪው የጠገበ ይመስለዋል። በዝግታ የሚዞር ዲናሞ የጎደለ ባትሪ በዚያች ጊዜ አይሞላም፤ ለዚህ ሰዓታት ያስፈልጋሉ። በሦስተኛው ወር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ በግፊ ያስነሳ፤ ከተነሳም በኋላ እዚያው መልሶ ያቁመው።

ኧረ ተው! ባዶውን በከረመ ባትሪ ፕሌቶች ላይ ሰልፌት ይጋገራል። ከቆየ በኋላ ቻርጀርም አይመልሰውም። ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለማዳበሪያ ሊውል የሚችል ገንዘብ ነው በየዓመቱ በባትሪ ስም የሚጣለው።

ወደ ምክሩ እንመለስ። ክዳን ያለው ባትሪ ውሃው ሲጎድል ከቧንቧ ወይም ከወንዝ ይሙላበት፤ በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ፕሌቶቹን ያበላሽለታል። የጎደለው ውሃ ሆኖ ሳለ አሲድ ቢጨምር ደግሞ ጥፋቱ ይፈጥናል። ማታ ከሆነም ክብሪት ጭሮ ውስጡን ይመልከት። ይህቺኛዋ ግን ትቅር፤ ቻርጅ ላይ ካለ ባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጂን ይፈነዳል፣ አሲዱም ዓይን ያጠፋል።

ባትሪውን ከሲሚንቶ አንስቶ ጣውላ ላይ ያሳረፈም ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። የዛሬ ባትሪ ቀፎው ፕላስቲክ ነው፤ ወለሉ ምንም አይወስድበትም።

ጋራዥ ሁሉ ቴስተር አለው። አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ያነባል፤ 12 ላይ ከደረሰ ሊያልቅ ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀበሌም ቢሆን መቆጣጠሪያ ያላት ትንሽ የሶላር ሰሌዳ ጣሪያ ላይ ሆና የቆመ ባትሪ ትጠብቃለች። ከዳንግላ እስከ ደምበጫ መኪና ያቆማችሁ ሁሉ፣ በወር አንዴ አስለኩት፤ ከ12.4 ከወረደ በዚያው ቀን ቻርጅ ይደረግ።