ሐተታ ዘመልስ

መልስ ማለት በጉባኤ ለጥያቄ የሚሰጥ ቃል፣ በሠርግ ወግም የሙሽራይቱ ወላጆች ሙሽሮቹን ጠርተው የሚያበሉበት ግብዣ ቢሆንም፣ ከአየር ጤና በዓለምገና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያም እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ በሚመላለሰው ሕዝብ ዘንድ የጸናው ትርጓሜ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከታሪፉ ተርፎ፣ በታክሲ ረዳት ጣቶች መካከል በቁመቱ ታጥፎ የተቀመጠው፣ ዓይናችን ሳይነቅል የሚከተለው፣ አንደበታችን ግን ለመጠየቅ የሚያፍረው ገንዘባችን ነው።

መልስ በአራት ይከፈላል፦ ወዲያው የሚሰጥ፣ «ወራጅ» ሲባል የሚሰጥ፣ የማይሰጥ፣ ለጥንድ የሚሰጥ። የመጀመሪያው ብርቅ ስለሆነ፣ ሦስተኛውም ከምርምር ይልቅ ትዕግሥት ስለሚያሻው እንለፋቸው። ሁለተኛው የቆመው «ቆይ» በምትባል አንዲት ቃል ላይ ነው። «ቆይ» አለ፤ ዝርዝር የለኝም ሲል ነው። አንድም፣ ዝርዝርስ አለኝ፣ ለሚመጣው ተሳፋሪ ይሁነኝ ሲል ነው። አንድም፣ ይረሳው እንደሆነ ልየው ሲል ነው። በረዳቱ ብቻ እንዳንፈርድ ግን፣ ባለ 200 ብር ኖት በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ማለዳ በርሱ የሚሳፈር ክርስቲያን መኖሩ አይካድም።

ምሥጢሩ ያለው በአራተኛው ነው። ዓለምገና ላይ ረዳቱ፣ ለየራሳቸው 25 ብር የሚመለስላቸውን ነጠላ የለበሱ እናትና ደብተር የታቀፈ ተማሪ በአንድ ባለ 50 ኖት «ማዘር፣ ከሱ ጋር ተካፈሉ» ብሎ ሲያወርዳቸው፣ ያለ ሽማግሌና ያለ ተክሊል አጣመራቸው ማለት ነው፤ በሠርግ ጋብቻው ቀድሞ መልሱ ይከተላልና፣ በታክሲ ግን መልሱ ቀድሞ ጋብቻው ይከተላል። ኖቱን የያዙት እናት ይቀድማሉ፤ ተማሪው፣ ትምህርት ቤቱ በወዲያኛው አቅጣጫ ቢሆንም፣ ከሱቅ ሱቅ እንደ ደቀ መዝሙር ይከተላል። ባለሱቁ «ካልገዛችሁ አልዘረዝርም» ስላላቸው የ15 ብር ሶፍት ይገዙና 35 ብር ይቀራቸዋል፤ በዚህ ጊዜ፣ እስካሁን ስለ አንዲት ብር በረዳቱ ላይ ሲያጉረመርሙ የነበሩት ሁለቱ፣ «እርስዎ ይያዙት»፣ «በሞቴ፣ አንተ ያዘው ልጄ» በሚል ክርክር ተይዘው፣ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ንብረታቸውን መከፋፈል ይሳናቸዋል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህ ሐተታ በዚያው ሊያበቃ በተገባ ነበር፤ ረዳቱ ግን «ኔትወርክ የለም» የሚል አዲስ ንባብ አመጣ። በከረሜላ ስለሚሰጠው መልስና ስለ ቀሩት ክፍሎች አስፍቶ ለመጻፍ አሳብ ነበረን፤ ዝርዝር ግን የለንም።