ስሙ የጠፋው ቅል

ተረት ተረት። የመሠረት።

በአንድ ደገኛ አገር ዜማ በቅል ይቀመጥ ነበር። ተጫዋቹ ወደ ቅሉ አንገት ተጠግቶ ይጫወታል፤ ቅሉ ይወተፋል፤ ውታፉ በተነቀለ ቁጥር ዜማው እንደገና ይሰማል። ቅል በየአጥሩ ይበቅላል፤ ፍቆ የማድረቅ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ያገኘዋል። ነገር ግን ዜማ በቅል የማኖር መብት የአውራ ዶሮ ብቻ ነው የሚል አዋጅ ነበር። አውራ ዶሮ ክፉ አልነበረም። ጎህ ሲቀድ አገሩን የሚያነቃው እሱ ነው፤ ድምፁም ያማረ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ እሱ ያልወደደው ዜማ ከተዘፈነበት ሌሊት አያልፍም። ሲነጋ የለም።

በገበያው ዳር ጃርት የሚባል ወጣት ትንሽ ሱቅ ነበረው። ከሩቅ አገር የመጡ ቅሎችን እየከፈተ ለገበያተኛው ያሰማል። ሲያሰማ ሲያሰማ አንድ ነገር ከነከነው፤ የማያውቀው አገር ዜማ በሱቁ ሲኖር የጎረቤቱ ለምን አይኖርም? አንድ ማታ ኤሊን ጠራው።

ኤሊ ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ አጨዋወቱ ግን ለብዙዎች ግራ ነበር። የአያቱን ጥንታዊ ዜማ በገዛ ቅርፊቱ ላይ እየመታ ይጀምርና መሃል ላይ ይቆማል። ዝምታውን ያስረዝመዋል። ከዚያ ማንም ባልጠበቀው በኩል ይመለሳል። ፍየሎች ለጭፈራ ዘለው እግራቸው አየር ላይ እያለ ዜማው ጥሏቸው ይሄዳል። ጃርት ይህን ነው የወደደው። እሾሁን አቁሞ፣ በሩን ዘግቶ ቀዳው። በቅሉ አንገት ላይም የኤሊን ስም በእሾሁ ጫረ።

ይህን ከባዶ አልፈለሰፍኩትም። በእኛም አገር በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ ዘፈን አስቀዳ፤ የመጀመሪያዎቹንም ሸክላዎች ሕንድ ልኮ አሳተመ። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ያወጣቸው ከመቶ ይበልጣሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚደመጠው የዚያ ዘመን ድምፅ ብዙው የተረፈው አንድ ባለሱቅ ጆሮውን አምኖ ስለደፈረ ነው።

አውራ ዶሮ ጮኸ፣ ዛተ። ቅሉ ግን ከአንድ ቤት ወደ ሌላው አልፎ ነበር፤ አዋጁም ሳይሻር ተረሳ።

በዋርካው ሥር ማታ ማታ የሚገናኙ ጥቂቶች ነበሩ፤ ሽኮኮ፣ እመት ጦጢት፣ ጉጉት፣ አያ ጉሬዛ፣ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣው ጃርት። የሚያገናኛቸው ዘር አይደለም፤ ሀብትም አይደለም። ሌላው ግራ ያለው ነገር ለእነሱ ቀና መሆኑ ነው። አንዱ ያገኘውን ቅል ይዞ ይመጣል፤ ውታፉን ከመንቀሉ በፊት ግን ይናገራል። የዚያ ስብሰባ ነፍስ ይህ ንግግር ነበር። ጉጉት “መጀመሪያ ትጠሉታላችሁ፤ ሦስተኛው ምት እስኪደርስ ታገሡ” ይላል። እመት ጦጢት “ይህን ለእናንተ አላመጣሁትም፤ ለሽኮኮ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ብቻዋን ትስማው” ትላለች። ለሌላ ዜማ የሚመርጥ ያንን ሌላ ማወቅ አለበት። ምን እንዳስለቀሰው፣ ምን እንደሚሰለቸው፣ ዘንድሮ ማንን እንደቀበረ ማወቅ አለበት። በዋርካው ሥር የነበሩት ከዘመድ ይልቅ የተዋወቁት በዚህ መንገድ ነው።

በዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ እትዬ ሸረሪት ተረት ትጽፍ ነበር። ቃሎቿን የምታሰፍረው በድሯ ላይ ነው፤ ድሩ ደግሞ መነሻ የለውም። በአንዱ ክር የሞተው በሌላው ክር ሕፃን ሆኖ ይገኛል። ላም አንድ ቀን ቆማ አየችውና “መግቢያው በየት ነው?” ብላ ጠየቀች፤ መልስ ስታጣ ወደ ግጦሿ ሄደች። እኔ በላም አልፈርድም። ከጥጃነቷ ጀምሮ የተነገሯት ተረቶች ሁሉ በር ነበራቸው። ሽኮኮም ብትሆን ሌሊቶችን ታግላ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር። ጉጉት ነው ጠጋ ብሎ፣ “ልጄ፣ ከጫፍ አትጀምሪ። እናትየዋ እንጨት የምትለቅምበትን ክር ፈልጊና እዚያ ቁጭ በዪ” ያላት። ፈለገችው፤ አገኘችው፤ አለቀሰች። ሲነጋ ክሩን ለላም ልታሳያት ሮጠች።

የዳኛቸው ወርቁ ልብ ወለድ “አደፍርስ” በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ አንባቢ እንደ ላም ነበር የቆመበት፤ የለመደውን ቀጥ ያለ ታሪክ አላገኘበትም። አዳም ረታ ሕጽናዊነት ብሎ የሰየመውን፣ ከእንጀራ የቀሰመውን የአተራረክ መንገድ ይዞ ሲመጣም “ከየት ነው የሚጀመረው?” ያለው ጥቂት አይደለም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር “ሌቱም አይነጋልኝ” ደግሞ መጽሐፍ ሆኖ ከመታተሙ በፊት ለዐሥርት ዓመታት በታይፕ ተመትቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። እነዚህን መጻሕፍት በሕይወት ያቆያቸው ማስታወቂያ አይደለም። አንዱ ለሌላው አውሶ፣ “ሃያ ገጽ ታገሥ፤ ከዚያ ካልወደድከው መልስልኝ” ያለበት ቀን ነው። እንዲህ ያለውን አዋሽ መጻሕፍት ቤትም ሐያሲም ሊተካው አይችልም።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። ጅብ ሌሊቱን የግሉ አደረገው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከቤቱ የሚወጣ ወዮለት ተባለ። የዋርካው ሥር ባዶ ሆነ። ብዙዎች ወንዙን ተሻገሩ፤ ኤሊም ሄደ።

ዜማው ግን አልሄደም። እመት ጦጢት ከቅል ወደ ቅል መቅዳት ታውቅ ነበርና በየጓዳው እየዞረች ቀዳች። በተቀዳ ቁጥር ከዜማው ጥቂት ይፈስሳል፤ የነፋስ ሽውታም ይገባበታል። ማንም አላማረረም፤ በዚያ ጨለማ የደበዘዘ ዜማም በረከት ነበር። ስሙ ግን የተጫረው በቅሉ አንገት ላይ እንጂ በዜማው ውስጥ አይደለም። ስም እንደ ዜማ አይፈስስም፤ በየቅሉ ላይ እንደገና መጫር አለበት። ጦጢት ደግሞ ትቸኩል ነበር፤ ጅብ ከበር ውጭ ነው። ስም አልባው ቅል ሌላ ስም አልባ ቅል ወለደ። የፍየል ግልገሎች በዜማው ጨፈሩ፤ ሙሽሮች ተሞሸሩበት፤ እረኞች አፏጩት። የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጅብ በጊዜው ሲሄድ የዋርካው ሥር ሰዎች ተመልሰው ተገናኙ። የድሮው ደስታ ግን አብሯቸው አልተመለሰም። “መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ” የሚል ክርክር ገባ። ክፉኛ የተከፋው አያ ጉሬዛ ነበር። “ግልገል ሁሉ የሚጨፍርበት ዜማ ከእንግዲህ የእኔ አይደለም” አለና ቅሉን ሸክፎ ወደ ዛፉ ወጣ፤ ለማንም ማዋስ ተወ። ሕመሙ ይገባኛል። ኤሊ ግራ በነበረበት ዘመን ጉሬዛ በዚህ ዜማ ተስቆበታል፤ ያን ሁሉ ችሎ የወደደውን አሁን ያለ አንዳች ዋጋ የሚወዱት መጡ። ቢሆንም አንድ ዜማ ጥቂቶች ስለሚያውቁት ብቻ የሚወደድ ከሆነ የሚወደደው ጥቂትነቱ ነው፤ ዜማው በቅሉ ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

ሽኮኮን የከነከናት ሌላ ነበር። “የማን ነው?” አለች። ጦጢት አታስታውስም። ጉጉት “የአንድ ሽማግሌ ነበር መሰለኝ፤ ሞቷል ይላሉ” አለ። ሽኮኮ ስም አልባውን ቅል አዝላ፣ የተሰደዱትን ልትጠይቅ ወደ ወንዙ ወረደች።

በመልካው ላይ መንገደኛ በጀርባው የሚያሻግር አንድ ሽማግሌ ነበር። ዋጋውን ከፍላ ወጣች። ውኃው መሃል ሲደርሱ ፍርሃቷን ልትረሳ ውታፉን ነቀለች። ሽማግሌው ቆመ።

“ይህን ከየት አመጣሽው፣ ልጄ?”

“ከጎረቤቴ፣ ጋሼ። ጎረቤቴም ከአክስቷ።”

“የማን ነው አሉሽ?”

“ሲቀዳ ሲቀዳ ስሙ ጠፋ።”

ሽማግሌው ትንሽ ዝም ብሎ አደመጠ። “እዚህ ጋ አንድ ምት ጎድሏል” አለና በቅርፊቱ ላይ መታው። ሽኮኮ ያን ምት በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም፤ ሲመታ ግን ስትጠብቀው የኖረች መሰላት። ከወዲያኛው ዳርቻ መንገደኞች “ኧረ ቶሎ በሉ!” እያሉ ይጣራሉ። ኤሊ እነሱን ማሻገር ነበረበት፤ እራቱ ያ ነው። መንገደኛ በማይኖርበት ሰዓት ከሸምበቆው ሥር ሆኖ እንደሚጫወት፣ አንድም ቀን አቋርጦ እንደማያውቅ የነገራት እየዋኘ ነው።

ኤሊንም ከባዶ አልፈለሰፍኩትም። ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የተጫወተበትን ካሴት አወጣ፤ ከዚያ በዋሽንግተን ዙሪያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ መጫኛ ይዞ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። ስንት የአገሩ ሰው ከኋላው ተቀምጦ ሳያውቀው ወርዶ ይሆን! ብራየን ሽምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያን ካሴት አገኘ፤ ወደደው፤ በመውደድ ብቻ ሳያበቃ ባለቤቱን ፈልጎ ደወለለት። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ ከዚያ በፊትም በየቤቱ ነበር፤ የሚወድዱትም ነበሩ። የጠፋው ደዋይ ነበር። ይህ ያንገበግበኛል።

ሽኮኮ ተመልሳ ለዋርካው ሥር ሰዎች ነገረቻቸው። ጦጢት አንገቷን ደፋች። ጃርት አርጅቶ ነበር፤ “ስሙን እኮ ጭሬው ነበር” እያለ ደጋገመ። አንዳቸውም ጋ ያ የጎደለ ምት ያለበት ቅል አልነበረም።

አያ ጉሬዛ ይህን ከዛፉ ላይ ሆኖ ሰማ። ወረደ። በብብቱ የያዘው ጃርት በመጀመሪያው ሌሊት የቀዳው ቅል ነበር፤ ስሙ በአንገቱ ላይ ጉልህ ሆኖ ይነበባል፤ አንድም ምት አልፈሰሰበትም። ለማንም ማዋስ ስለተወ ዳነ። እኔ ይህን ደብቄ ተረቱን ላሳምር አልፈልግም፤ ጦጢት ሁሉ ጋ አደረሰችው፣ ጉሬዛ ሙሉውን አቆየው።

ተያይዘው ወደ መልካው ወረዱ፤ ግልገሎቹም ተከተሉ። ኤሊ የወጣትነት ድምፁን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። “እዚህ ላይ ቸኩዬ ነበር” አለ።

“የለም!” አለ ጉሬዛ። “እንዲሁ ነው ደግ። እንዲሁ አድርገህ ተጫወትልን፣ ጋሼ ኤሊ።”

“እሱማ አላችሁ። አሁን በሆዴ ያለው ሌላ ነው። ባዶ ቅል የያዘ ይኖራል?”

ሁሉም የመጡት በሙሉ ቅል ነበር። አንድ ግልገል ግን የመጠጥ ውኃዋን አሸዋው ላይ ደፍታ ቅሏን አቀበለችው። ጃርት በሚንቀጠቀጥ እጁ አስቀድሞ ስሙን ጫረ። ኤሊም ተጫወተ። ግማሾቹ አልገባቸውም፤ ጉሬዛም ፊቱን አጨፈገገ።

ሲጨርስ ጦጢት ቀረብ አለች። “ከእንግዲህ ከምቀዳው ዋጋ ግማሹ የእርስዎ ነው። ያለፈውስ? ስንት እንደቀዳሁ ቆጥሬው አላውቅም።”

“ያለፈውን ተዪው፣ ልጄ። ባትቀጂው ኖሮ ይህች ሽኮኮ ከየት ትሰማው ነበር? ስሜን ግን በየቅሉ ላይ ጫሪልኝ።”

በማግስቱ ጦጢት ከጃርት አንድ እሾህ ተውሳ፣ ከላይ ሰፈር ጀምራ በየቤቱ ትዞር ገባች። መጀመሪያ ያንኳኳችው የላምን በር ነው።