ጀልባዋን አታንቀሳቅሱ፣ ፎቶ እየተነሳን ነው

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ የአውሮፓ ከተሜ አንድ አምሮት ይይዘዋል፤ በግሪክ ደሴት ላይ የምትገኝ ትንሽ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር። ምኞቱ ብዙ አይደለም። ቤቶቹ በኖራ የነጡ፣ መስኮቶቹ ሰማያዊ፣ ወደቡ ላይ ሁለት ሦስት የእንጨት ጀልባ፣ የምግብ ቤቱ ደጃፍ ገመድ ላይ የተሰጣ ኦክቶፐስ፣ ጥግ ይዞ ደግሞ ፊቱ በፀሐይ የተጨማደደ ሽማግሌ መረብ ሲጠግን ካየ ይበቃዋል። ከዚህ መሀል ባይኖር ደስ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓሣ ማስገር። እውነቱን ለመናገር ሥራው ለእረፍት አይመችም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተር ይንደቀደቃል፣ የናፍጣና የዓሣ አንጀት ሽታ አልጋ ድረስ ይመጣል፣ ከመረቡ የተራገፈው ጉድፍ እስከ ረፋድ ወደቡ ላይ ተዝረክርኮ ይቆያል። ስለዚህ አስጋሪው ይቀመጥ፣ ማስገሩ ይቅር። ሰውየው ሥራ ሳይኖረው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቁጭ ቢል ማንን ይጎዳል?

ይህን ረቂቅ ፍላጎት ለማሟላት የአውሮፓ ኅብረት እንኳ ሳያውቀው የበኩሉን አበርክቷል። ባሕሩ ከልክ በላይ ተመንጥሯልና የጀልባው ቁጥር ይቀነስ ተብሎ፣ ከ1990ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ፈቃዱን ለሚመልስ አስጋሪ ካሳ ይከፈለው ጀመር። ገንዘቡን ለማግኘት ግን ብዙውን ጊዜ ጀልባዋ መሰባበር ነበረባት። ካይኪ የሚባሉት፣ ከአባት ወደ ልጅ በወረደ የእጅ ጥበብ የተሠሩ የእንጨት ጀልባዎች፣ ወደ ደረቅ መሬት እየተጎተቱ በኤክስካቫተር ጥርስ ደቀቁ። በዚህ መንገድ የጠፉት ከ10,000 በላይ ናቸው። ሜዲትራኒያን ዛሬም ከልክ በላይ ከሚመነጠሩት ባሕሮች አንዱ ስለሆነ፣ ዓሣው ለተዋለለት ውለታ ገና ምስጋናውን አላቀረበም። ጎብኚው ግን ተጠቅሟል፤ የተረፉት ጀልባዎች ብርቅ ስለሆኑ በፎቶ የበለጠ ያምራሉ። ደጃፍ ላይ የተሰጣው ኦክቶፐስም ሥራው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ሳህን ላይ የሚቀርበው ካላማሪ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ባሕር በበረዶ ታሽጎ የመጣ ነው። የግሪክ ሕግ ምግብ ቤቶች በበረዶ የቆየውን በምግብ ዝርዝራቸው ላይ ምልክት እንዲያደርጉበት ያስገድዳል። ይህን ደቃቅ ምልክት የሚፈልግ እንግዳ ግን ከየት ይመጣል? እሱ የመጣው ለማመን ነው። እራት ሲያልቅ ተነስቶ «ጥንታዊውን» ሲርታኪ ይጨፍራል፤ በ1964 ለ«ዞርባ» ፊልም የተቀናበረውን ጭፈራ ማለት ነው።

ቤቶቹም የዚሁ ተውኔት ተካፋዮች ናቸው። በሚሎስ ደሴት ክሊማ የምትባል መንደር አለች። ምድር ቤቱ ከአለት የተፈለፈለ የጀልባ ማደሪያ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጀልባው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ቤተሰቡ ከላይ ይኖራል፤ በሮቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ተቀብተዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ለእንግዳ ይከራያሉ፤ ለጀልባ የተፈለፈለው ዋሻ የሻንጣ ማደሪያ ሆኗል። በሳንቶሪኒም ድሃው ከእሳተ ገሞራው ገደል ፈልፍሎ ይኖርበት የነበረው ዋሻ ነበር፤ የ1956ቱ ርዕደ መሬት ብዙ ነዋሪ ካሰደደ በኋላ ዋሻው ቀስ በቀስ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ሆነ። በድህነት ዘመኑ ነውር የነበረው መኖሪያ በሀብት ዘመኑ ለሙሽሮች ይከራያል። ወደ ደሴቱ የሚመደቡ አስተማሪና ሐኪም ግን የሚከራዩት ቤት ያጣሉ፤ ባለቤቱ በጋ ሲመጣ አስወጥቶ ለእንግዳ ይሰጠዋልና። እንግዳ የምትሸከመው አህያ ከሁለቱም ትሻላለች፤ ከ2018 ጀምሮ ከ100 ኪሎ ወይም ከክብደቷ አንድ አምስተኛ በላይ እንዳትሸከም በሕግ ተደንግጎላታል። ለአስተማሪዋ ሸክም እስካሁን ሚዛን አልተገኘም። በሐምሌ 2024፣ 15,000 ያህል ሰው በሚኖርበት በሳንቶሪኒ ላይ በአንድ ቀን ከ10,000 በላይ የመርከብ መንገደኛ ሊወርድ ሲል፣ አንድ የአካባቢው ሹም ነዋሪው እንቅስቃሴውን እንዲቀንስ በፌስቡክ ለመነ። ቁጣ ሲነሳ ልመናው ተሰረዘ። ሰውየው ምን አጠፋ? እንግዳ ሲመጣ ቤተኛው ገለል እንዲል መጠየቁ የደንቡ ነው።

እዚህ ላይ ተው የሚለኝ አይጠፋም፤ ገንዘቡ የሚገባው ለደሴቶቹ ሰዎች ነው፣ የተገደደም የለም። ልክ ነው። ባሕሩ ለእነዚህ ሰዎች የዋህ አልነበረም። የካሊምኖስ ደሴት ስፖንጅ ለቃሚዎች ከጥልቁ በፍጥነት ሲወጡ ብዙዎቹ ሽባ ሆነዋል፣ ሞተዋልም፤ ብዙዎች አሜሪካ ፍሎሪዳ ድረስ ተሰደዋል። የአስጋሪው ልጅ ከመረብ ይልቅ የሆቴል መቀበያ ጠረጴዛ ቢመርጥ የሚፈርድበት ልበ ደረቅ ነው። ግን ያንን ኑሮ የናፈቀው ልጁ አይደለም፤ ከበርሊንና ከለንደን የመጣው እንግዳ ነው። የማያስነጥስ፣ የማይሰለች፣ ኤርኮንዲሽነር የማይገጥም ድሃ አስጋሪ ካልቀረበለት «ቦታው ተበላሽቷል» ብሎ ይተክዛል። ሌላው ደግሞ «እኔ ቱሪስት አይደለሁም፣ ያልተነካ መንደር ነው የምፈልገው» ይላል። የተነካ መንደር ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ሰው የተገኘ ነው። የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች በ2023 ፎጣቸውን ይዘው ለሰልፍ የወጡት፣ የኪራይ ዣንጥላና የመጋደሚያ ወንበር ዳርቻውን ሞልቶት ለራሳቸው አሸዋ መቀመጫ ስላጡ ነበር።

እውነተኛውን የአስጋሪ መንደር ማየት ለፈለገ ዕድሉ መጥቶ ነበር። በ2015 ከ850,000 በላይ ስደተኛ በባሕር ግሪክ ሲገባ፣ የሌስቦስ ደሴቷ ስካላ ሲካሚኛስ ዓሣ አስጋሪዎች ከመረባቸው ይልቅ ሰው ከውኃ ሲያወጡ ከረሙ። የመንደሯ አሮጊቶች የስደተኛ ሕፃን አቅፈው ጡጦ አጠጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ከመንደሯ ሰዎች ለኖቤል የሰላም ሽልማት የታጩ ነበሩ። ጀልባው፣ ሽማግሌው፣ ባሕሩ፣ የደሴቱ እንግዳ ተቀባይነት፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ያለ ማስመሰል ተገኘ። እረፍተኛው ምን አደረገ? በ2016 ወደ ሌስቦስ የሚሄደው ቱሪስት ክፉኛ አሽቆለቆለ። በዳርቻው የተከመረው ብርቱካንማ የሕይወት አድን ጃኬት ከነጭና ከሰማያዊ ጋር አይሄድም።

ደግነቱ መንግሥት ዋጋ ቆርጧል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ሞቃቱ ወራት ላይ በመርከብ መጥቶ ሳንቶሪኒ ወይም ሚኮኖስ ላይ የሚወርድ መንገደኛ 20 ዩሮ ይከፈልበታል። ለጀልባዋ፣ ለኦክቶፐሱ፣ ለሽማግሌውና ቤት ላጣችው አስተማሪ ሁሉ ነው። ሳይወደድ ፈጥናችሁ ተሳፈሩ።