የሰርቨር ሊቀ መኳስ

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ወንበር ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። አንድ ቼክ ሁለት ፈራሚ አለው። ለአንዲት ማኅተም አንድ ያዥና አንድ ተጠባባቂ ያዥ ተመድቦላታል። የማሽኖቹን ሁሉ ውሎና አዳር የሚመዘግበው የሎግ ሰርቨር ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዘመድም ወራሽም የለውም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እኛ ግን ስንጫወት ከርመናል።

ሎግ ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ይግባ። ጥበቃው ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና የገባበትን ሰዓት ደብተር ላይ ያሰፍርለታል። ኮምፒውተሮችም እንደዚሁ ናቸው፤ ማን እንደገባ፣ ማን የይለፍ ቃል እንደተሳሳተ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደወደቀ ይጽፋሉ። ሆኖም ሌባ የገባበትን ማሽን ደብተር ሌባው ራሱ ይቀደዋል። ስለዚህ የሁሉም ጽሑፍ ወደ አንድ ማዕከል ይላካል። ዘዴው ሲስሎግ ይባላል፤ ኤሪክ ኦልማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለኢሜይል ፕሮግራሙ ሲል ፈጥሮት፣ ዓለም ወድዶ ወሰደው።

ሲስሎግ አንድ አመል አለው። የጥንቱ አላላክ በዩዲፒ ስለሆነ፣ ላኪው መልእክቱን ወደ ወደብ 514 ወርውሮ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ደረሰ፣ አልደረሰም ብሎ አይጠይቅም። ማዕከሉ ሞቶ ከሆነ ለሬሳ ሲያወራ ያድራል።

ማዕከሉ ደግሞ መሞቻ ሰዓቱን ያውቃል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከእንጦጦ ተንደርድሮ የካ ላይ ይወርዳል። አንዴ ያጓራል፣ መብራት ድርግም ይላል፣ ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ጄኔሬተሩ ለመነሳት ያስለዋል። ማሽኖቹ ሁሉ የሚታመሙት ያን ጊዜ ነው፤ የሎግ ሰርቨሩም የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ አለቃ «ምን ተፈጠረ?» ብለው ሲጠይቁ ደብተሩ ይገለጣል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰላም ነው። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይም ሁሉም ሰላም ነው። በመካከሉ የነበረውን እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ሁለተኛ ሰርቨር እንዲገዛ ጠየቅሁ። የፋይናንስ ኃላፊያችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ማመልከቻዬን በመነጽራቸው አናት አዩት።

«ሁለተኛው ሥራው ምንድን ነው?»

«አንደኛው እስኪሞት መጠበቅ ነው፣ እትዬ።»

«እስከዚያስ?»

«ይጠብቃል።»

«ደመወዝ እየበላ?»

«መብራት እየበላ።»

በመስኮቱ ወደ ተራራው አመለከትኳቸው። «እንጦጦ ላይ ያለውን የሕዋ ምርምር ጣቢያ ይመልከቱ፤ ስፋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ መንታ ቴሌስኮፖች አሉት።»

«ሰማዩስ ስንት ነው?» አሉኝ። «እንዲህ ያለ መደብ በመዋቅራችን የለም።»

በመዋቅራችን ባይኖርም በታሪካችን ነበር። ያው ተራራ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የምኒልክ መናገሻ ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ቤተ መንግሥት ሊቀ መኳስ የሚባል ሹም ነበር። ጦር ሜዳ ላይ የንጉሡን የመሰለ ልብስ ለብሶ ይቆማል፤ ጠላት የቱ ንጉሥ፣ የቱ ሎሌ እንደሆነ አይለይም። ሥራ ፈት ነው የሚል ካለ፣ ዐድዋ ላይ መድፈኛ የመሩት አባተ ቧያለው ሊቀ መኳስ እንደነበሩ ያስታውስ። የእኛም ተጠባባቂ እንደዚሁ ነው፤ ተራው እስኪደርስ የጽሑፉን ግልባጭ ይይዛል፣ ፍለጋው ሁሉ እሱ ላይ ይካሄዳል።

አሠራሩም ያው የልብስ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ሰርቨሮች የየራሳቸው አድራሻ አላቸው፤ ከዚያ በላይ አንድ የጋራ አይፒ አድራሻ አለ፤ ካባው እሱ ነው። ላኪዎቹ የሚያውቁት ካባውን እንጂ የለበሰውን አይደለም። ኪፕአላይቭድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ተራ ቅንብሩ ካልተነካ፣ ባለካባው በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ድምፁ ከሦስት ሰከንድ ትንሽ ላለፈ ጊዜ ከጠፋ ተጠባባቂው ካባውን አንስቶ ይደርባል። በዚያች ሦስት ሰከንድ ዕቃ እንዳይወድቅ ደግሞ ላኪዎቹን መድረሱን በሚከታተለው በቲሲፒ እንዲልኩ፣ ያልደረሰውንም ዲስካቸው ላይ እንዲያቆዩ ማድረግ ነው፤ አርሲስሎግ የሚባለው የሲስሎግ ፕሮግራም ይህን ያውቅበታል።

እስከዚህ ድረስ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይሠራዋል። ጭንቁ የሚመጣው ማን እንደሞተ ለማወቅ ሲፈለግ ነው። አፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ለረጅም ጊዜ ሞታቸውን ደብቆ ቆይቷል። ሰርቨርም ይህን ተንኮል ይችልበታል። ማሽኑ በርቷል፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ፒንግ ሲደረግ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ውስጥ ግን ዲስኩ ሞልቶ፣ ጸሐፊው ፕሮግራም ብዕሩን ከጣለ ቆይቷል። ተጠባባቂውም «አለሁ» የሚለውን ድምፅ አምኖ፣ ካባውን ከሩቅ እያየ ይቀመጣል። ስለዚህ «በርተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «እስቲ ይህችን ጻፍና አሳየኝ» ነው መባል ያለበት።

ከዚህ የባሰው ሁለቱም በሕይወት ሳሉ የሚመጣው ነው። የሚያገናኛቸው ገመድ ቢነቀል እያንዳንዱ ሌላው ሞተ ብሎ ያስባል፤ ሁለቱም ካባ ይደርባሉ። የዚህ መጨረሻ ምን እንደሚመስል በመስከረም 1909 ዓ.ም. አይተነዋል፤ ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ወረዱ ተብሎ ዘውዲቱ ነገሡ፣ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ግን አዋጁን አልቀበልም አሉ፣ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ በጦር ተለየ። በሰርቨር ዓለም ሰገሌ ላይ የሚያልቀው ሎጉ ነው፤ ግማሹ ታሪክ አንዱ ጋ፣ ግማሹ ሌላው ጋ ይቀራል። እንደ ፔስሜከር ያሉት ጠንከር ያሉ ሥርዓቶች መፍትሔያቸው ጨካኝ ነው፤ ካባውን ከመደረብህ በፊት የሌላውን ኤሌክትሪክ ቁረጥ ይላሉ። ይህን አገልግሎትማ እኛ ሰፈር ያለ ክፍያ እናገኘዋለን፤ ክፋቱ ሁለቱንም አንድ ላይ መቁረጡ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰርቨር ገዝቶ በአንድ ዲቫይደር መሰካት አልጋ ወራሹን ከንጉሡ ጋር በአንድ ፈረስ እንደ ማስቀመጥ ነው። ዩፒኤሱም ስዊቹም ይለያይ።

ደግሞ ከሞት ተነሺው አለ። የቀድሞው ባለካባ መብራት ሲመጣ ይነሳና፣ ማዕረጌ ይበልጣል ብሎ ካባውን ይነጥቃል፤ ወዲያው ይወድቃል፤ ይነሳል፤ ደግሞ ይነጥቃል። ለእሱ «ተመለስ፣ ግን ተራህን ጠብቅ» የሚል አንዲት መስመር ቅንብሩ ውስጥ ይጻፍለታል። ሰውን እንዲህ በአንድ መስመር መመለስ ቢቻል ኖሮ የታሪክ መጻሕፍቶቻችን በጣም ቀጭን ይሆኑ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእትዬ አስረዳኋቸው። ሰገሌ ላይ ስደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለተኛውን ሰርቨር ፈረሙልኝ። እኔም እጃቸው ሳይቀዘቅዝ ሌላ ወረቀት አቀረብኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሦስተኛ ማሽን ነው፣ እትዬ። ትንሽ ነው፤ ያረጀ ኮምፒውተርም ይሆናል።»

«ይጽፋል?»

«አይጽፍም።»

«ካባ ይለብሳል?»

«ኧረ በጭራሽ። ሁለቱ ሲጣሉ ብቻ ማን አለቃ እንደሆነ ድምፅ ይሰጣል።»

«ሌላ ጊዜ ቁጭ ብሎ፣ ድምፅ መስጠት ሲመጣ ብቻ እጁን የሚያወጣ?»

«አዎ።»

«ይሄማ በመዋቅራችን አለ» አሉና ፕሮፎርማ እንኳን ሳይጠይቁኝ ፈረሙ።