አይበላም

አገራችን ባሕር በር ካጣች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። እኔ ግን ሜሪላንድ ባለው ቤቴ፣ ሳሎን ጥግ ላይ፣ የግል ባሕር አለኝ። ጨው በባልዲ እየገዛሁ በተጣራ ውኃ እበጠብጣለሁ፤ በሊትር 35 ግራም ያህል እስኪደርስ በመለኪያ እያየሁ አስተካክላለሁ። የወደብ ኪራይ የለብኝም፤ የመብራት ግን አለብኝ። እሱን ባለቤቴ በየወሩ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብልኛለች።

የዚህ ባሕር ነዋሪዎች ጨዋዎች ናቸው። የተሰጣቸውን ይበላሉ፣ ሲመሽ ይተኛሉ። ነገር የመጣው ከማንዳሪን ጋር ነው።

ማንዳሪን በምዕራብ ፓስፊክ፣ ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች እስከ አውስትራሊያ ባለው የኮራል ሰፈር የሚኖር፣ ከጣት ብዙም የማይረዝም ዓሣ ነው። በሰማያዊ ገላው ላይ ብርቱካንማና አረንጓዴ መስመር ተጠላልፎበት ሲታይ የጥምቀት ጥላ ውኃ ውስጥ የተዘረጋ ይመስላል። ሰማያዊነቱም የዋዛ አይደለም። በእንስሳት ላይ ሰማያዊ ሆኖ የምናየው አብዛኛው ነገር የብርሃን ማታለያ እንጂ ቀለም አይደለም፤ የወፏ ላባ ቢፈጭ ሰማያዊ ዱቄት አይወጣውም። የማንዳሪን ግን እውነተኛ ሰማያዊ ቀለም ያዘለ ሕዋስ ነው፤ ይህንንም ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ባጭሩ ልብሱ ኦሪጅናል ነው። ኦሪጅናል የለበሰ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አይበላም።

እናቴ አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ አየችው።

«ውይ ሲያምር! ምነው ፊትህ ግን ጠቆረ?»

«እማዬ፣ አይበላም።»

«አይበላም? ቅርፊት የለውም እንዴ?»

«ቅርፊትማ የለውም፤ ገላው ወፍራም ንፍጥ ነው።»

«እንዲያ በለኛ! እንደ አምባዛ ነዋ። ኦሪት ላይ ተጽፎ የለ? ታዲያ ምን ብለህ ገዛኸው?»

ስለ ቅርፊቱ ተግባብተን፣ ስለ ሆዱ ሳንግባባ ካርዷ አለቀ።

ማንዳሪኑ እንደመጣ ከሌሎቹ ጋር አልተቀላቀለም። ከባሕር የተያዘ ዓሣ ከአጥማጅ ወደ ላኪ፣ ከላኪ ወደ አስመጪ፣ ከአስመጪ ወደ ሱቅ ሲንከራተት የስንቱን ውኃ ይጋራል። ከውኃው ጋር ጥገኛ ተሕዋስ ይመጣል። ከሁሉ የሚፈራው ክሪፕቶካርዮን ይባላል፤ የዓሣን ገላ ነጭ በነጭ የሚያነጠብጠው እሱ ነው። ጥቂት ቀን ዓሣው ላይ ተጣብቆ ይበላል፤ ሲጠግብ ይወርድና ሽፋን ለብሶ ይባዛል፤ ልጆቹም አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይበተናሉ። አንዴ ዋናው ገንዳ ከገባ፣ ዓሦቹን በሙሉ አውጥቶ ገንዳውን ከአሥር ሳምንት በላይ ያለ ዓሣ ማቆየት ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ ለይቶ ማቆያ ይገባል።

ለይቶ ማቆያ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከውጭ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ይቀመጥ ሲባል የባለቤቴ አጎት፣ ጋሼ፣ ከገቡት አንዱ ነበሩ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ኮሮናን አንስተው አያውቁም። የሚያነሱት ሾርባውን ነው።

የማንዳሪኑ ሆቴል ደግሞ አራት መስታወት ነው። አሸዋ የለ፣ ድንጋይ የለ። መደበቂያ የምትሆን የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ፣ ስፖንጅ ማጣሪያ፣ ውኃውን 25 ዲግሪ አካባቢ የሚያቆይ ማሞቂያ፣ በቃ። ሐኪም የሚያኮራ ንጽሕና ነው። ችግሩ፣ ማንዳሪን ንጹሕ ቦታ ምን ሊበላ? ምግቡ ኮፔፖድ ነው፤ በድንጋይና በአሸዋ መካከል የሚርመሰመስ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ የሽሪምፕ የሩቅ ዘመድ። ይህንን አንድ በአንድ ሲለቅም ይውላል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ መክሰስ ነው።

መድኃኒት ይሰጠው እንዳይባል ደግሞ የክሪፕቶካርዮን የታወቀው መድኃኒት መዳብ ነው። መዳብ ሽሪምፕንም፣ የሽሪምፕን ዘመድ አዝማድም ይፈጃል። ለጥገኛው የጨመሩት ምሳውን ይገድለዋል። በእርግጥ ያ ወፍራም ንፍጥ ማንዳሪንን ከዚህ በሽታ በአመዛኙ ይከላከልለታል፤ ስለዚህ «እሱ አይታመምም፣ ዝም ብለህ ጨምረው» የሚል መካሪ አይጠፋም። እሱ ባይታመም ይዞ የመጣው የሌላውን ቤት ያፈርሳል። እናም መዳቡን ትቼ፣ ብቻውን አስቀምጬ፣ ዓይኔን ከሆዱ ላይ ላለማንሳት ወሰንኩ። በሰው ቤት ብዙ ማንዳሪን የሚገድለው ረሃብ ነው። የማንዳሪን ሐኪም ቤት መጀመሪያ ወጥ ቤት ነው።

ወጥ ቤቱ ደግሞ የባለቤቴ ነው።

አርቴሚያ የምትባል ደቃቅ የጨው ውኃ ፍጥረት አለች። እንቁላሏ ከዩታው ታላቁ የጨው ሐይቅ ተሰብስቦ፣ ደርቆ፣ በቆርቆሮ ይሸጣል። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ቂጡን ይቆረጥና በአፉ ይደፋል፤ ጨው ውኃ ይሞላል፤ በቀጭን ቱቦ አየር ይነፋበታል፤ ከአጠገቡ መብራት ይበራል። ሙቀቱ ከተስማማው በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። እኛ ቤት ሙቀት ያለው ቦታ የእንጀራው ሊጥ የሚቀመጥበት ነው። ሊጡ በራሱ ጊዜ ሲፈላ፣ ጠርሙሱ ከጎኑ በፓምፕ ይንተከተካል።

የተፈለፈለ አርቴሚያ መልኩ ብርቱካንማ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ወጥ ቤት ብቅ ብለው፣ «ብርዝ ጀመራችሁ? ጎሽ!» አሉና ብርጭቆ አነሱ።

«ጋሼ፣ እሱ ነፍስ አለው!» ብዬ ዘለልኩ።

ጋሼ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው መለሱ። ሁዳዴ ነበር። ቤቱ በሙሉ ሽሮና ምስር ላይ ተቀምጧል፤ ማንዳሪኑ ብቻ ነፍስ ያለው ካልሆነ አልቀምስም ብሏል። ከዚያ ቀን ወዲያ ጠርሙሱ በባለቤቴ ትእዛዝ መታጠቢያ ቤት ገባ።

ምግብ ተገኘ ማለት ተበላ ማለት አይደለም። አርቴሚያውን በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ፣ አለቅልቄ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እስባለሁ። ውኃው እንዳይበትነው ፓምፑን አጠፋለሁ። ከዚያ ከፊቱ ጠብ። ማንዳሪኑ በሆዱ ክንፎች እየተራመደ ይመጣል። አንዱ ዓይኑ ወደ ምግቡ ይዞራል፤ ሌላው እኔ ላይ ይቀራል። ይቆማል። ዘንበል ይላል። አንዷ አርቴሚያ አፉ ሥር ስትወራጭ ትቷት ሌላዋን ያያል፤ እሷንም ያጠናታል።

«የቤት ግዢ ውል ነው እንዴ የሚያነበው?» ትላለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

ድንገት አፉ ወደ ፊት ወጣ ይልና ይመለሳል። አንዷ የለችም። «በላ!» ስል ልጆቹ ከፎቅ ይወርዳሉ። ሁለተኛዋን ስንጠብቅ ጀርባውን ሰጥቶን ቱቦው ውስጥ ይገባል።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። በሲሪንጅ መሆኑ አናደዳት።

«በሽተኛ ነው እንዴ? ለመሆኑ ስንቴ አጎረስከው?»

«አንዴ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገመው እንጂ!»

እማዬ ማንዳሪን አሳድጋ አታውቅም፤ የተናገረችው ግን የሞያተኛ ምክር ነው። እሱ የሚፈልገው ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ ነው። አርቴሚያዋም የምትጠቅመው እንደተፈለፈለች፣ የእንቁላሏ ስንቅ ሆዷ ውስጥ ሳለ ነው፤ ከዋለች ካደረች ሰውነቷ ባዶ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አዲስ መፈልፈል፣ በዚያ ላይ ኮፔፖድ በጠርሙስ በፖስታ ማስመጣት። የምግቡ ወጪ ዓሣው የተገዛበትን ዋጋ ካለፈ ቆይቷል። ይህንንም ባለቤቴ ከመብራቱ ጋር ደምራ ታነበዋለች።

ጠዋት ጠዋት የሚታየው ሆዱ ነው። ወደ ውስጥ ከጎደጎደና አከርካሪው ከታየ አደጋ ነው፤ ሞላ ካለ ቤቱ ሰላም ይውላል። የእኔው ሞላ ብሎ፣ ነጠብጣብ ሳይታይበት፣ ኮፔፖድ ወዳለበት ዋናው ገንዳ ገባ። አሁን ድንጋይ ለድንጋይ ሲለቅም ይውላል፤ ወደ እኔ ሲሪንጅ ዞር ብሎም አያይም።

በዚህ አመል የተያዛችሁ ወገኖቼ፣ ምክሬ አጭር ነው። ዓሣውን ከማምጣታችሁ ከወራት በፊት ገንዳችሁ ውስጥ ኮፔፖድ አርቡ። እርባታ ውስጥ ተወልዶ የበረዶ ምግብ የለመደ ማንዳሪን ስለሚሸጥ፣ ወደድ ቢልም እሱን ምረጡ። ሱቅ ስትገቡ ደግሞ ስለ ቀለሙ አትጠይቁ፤ ሻጩን «እስኪ ፊቴ አብላው» በሉት። ከበላ ተደራደሩ። ካልበላ አመስግናችሁ ውጡ፤ ሱቅ ውስጥ ያልበላ ዓሣ እናንተ ቤት ሲደርስ አይርበውም።